የታኮማ ማዕድ ቤት፦ ለአካባቢ የሚከብደው የቱ ነው?

ከሲያትል በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በፑጄት ሳውንድ ወሽመጥ ዳርቻ የምትገኘው ታኮማ የራሷ የኤሌክትሪክ ድርጅት ያላት ከተማ ናት። ታኮማ ፓወር የተሰኘው ይህ የሕዝብ ድርጅት በኒስኳሊ፣ በካውሊትዝና በስኮኮሚሽ ወንዞች ላይ የተሠሩ ግድቦች አሉት። የራሱ ግድቦች የማይሸፍኑትን ፍላጎት የሚያሟላው በአመዛኙ ከቦንቪል የኃይል አስተዳደር በሚገዛው ኃይል ነው፤ ቦንቪል ደግሞ በኮሎምቢያ ወንዝና በገባሮቹ ላይ የተገነቡትን የፌዴራል ግድቦች ኃይል የሚሸጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በመሆኑም በዚህች ከተማ ምጣድ ሲሰካ የሚያግለው በአብዛኛው የወንዝ ውሃ እንጂ የድንጋይ ከሰል አይደለም። ለዓባይ ግድብ ዓመታት ሲያዋጣ ለኖረ ኢትዮጵያዊ የዚህ ትርጉም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ይህ እውነታ ግን ለአካባቢ ተስማሚ ስለሆነ ማዕድ ቤት በየቦታው የሚሰጠውን ምክር ቅደም ተከተል ይለውጠዋል። መብራት አጥፉ፣ የጨርቅ ከረጢት ያዙ፣ የፕላስቲኩን ማንኪያ በቀርከሃ ለውጡ የሚሉት ምክሮች ስሕተት የለባቸውም፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል አይመዝኑም። ኤሌክትሪኩ ከውሃ በሚመነጭበት ቤት ከባዱ ሸክም ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በቆሻሻ ቅርጫቱ፣ በድስቱ፣ በጋዝ ምድጃው፣ እንዲሁም እንጀራ ለመግዛት በሚነዳው መኪና ላይ። የሰው ጊዜም ገንዘብም ውስን ነውና ከየት መጀመር እንደሚሻል ማወቁ ይጠቅማል።

የተጣለ እንጀራ ወዴት ይሄዳል?

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከምግብ ቤት ወይም ከገበያ ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ነው። የሚባክነው ምግብ በአጠቃላይ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ውስጥ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ እንደሚይዝ ይገመታል።

ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ምግቡ ሲመረት የፈሰሰው ውሃ፣ የታረሰው መሬት፣ የተበተነው ማዳበሪያና የነደደው ነዳጅ በከንቱ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ምግቡ ከተጣለ በኋላ የሚሆነው ነው። ምግብ በቆሻሻ ክምር ሥር አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ሚቴን ደግሞ በሃያ ዓመት ጊዜ ሲለካ ሙቀት የማመቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ከከተማ ቆሻሻ መቅበሪያዎች ወደ አየር ከሚያመልጠው ሚቴን 58 በመቶው ከተጣለ ምግብ የሚመነጭ መሆኑን አስታውቋል። ምክንያቱ የምግብ ፍጥነት ነው። እንጨትና ወረቀት ለመበስበስ ዓመታት ሲፈጁ ምግብ ግን ጋዝ መሰብሰቢያው ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት ፈርሶ ያልቃል።

ከታኮማ የሚወጣው ቆሻሻ የሚቀበረው በዚያው በፒርስ ካውንቲ፣ ግርሃም አቅራቢያ በሚገኝ መቅበሪያ ነው። የሲያትል ቆሻሻ ግን በባቡር ተጭኖ የግዛት ድንበር ተሻግሮ እስከ ኦሪገን፣ አርሊንግተን አቅራቢያ ይጓዛል። ቅርጫቱን ባዶ ያደረገ ሰው ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል እንጂ ቆሻሻ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይደርሳል፣ እዚያም ቦታ አጠገብ የሚኖር ሰው አለ። ይህን ከአዲስ አበባ ነዋሪ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል።

በታኮማ ለምግብ ትርፍራፊና ለጓሮ ተክል ቅሪት የተመደበ ቡናማ በርሜል አለ። በሲያትል ተመሳሳዩ በርሜል አረንጓዴ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ምግብን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ መጣል በከተማዋ ደንብ ተከልክሏል። ወደነዚህ በርሜሎች የገባው ነገር አየር እያገኘ ወደ ብስባሽ ስለሚለወጥ ሚቴኑ እጅግ ይቀንሳል፤ ውጤቱም ለአፈር ይመለሳል። የሻገተ እንጀራ፣ የዶሮና የበግ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ ለዶሮ ወጥ የተላጠው የሽንኩርት ልጣጭ ሁሉ እዚያ ቦታ አለው። ቦታ የሌለው ፕላስቲክ ነው። እንጀራው የተጠቀለለበትን ከረጢት ከነእንጀራው መወርወር ብስባሹን የሚገዛውን ገበሬ ማሳ በፕላስቲክ ቁርጥራጭ መሙላት ማለት ነው። በቤት ውስጥ ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ መድቦ፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፎ በየሁለት ቀኑ መድፋት ሽታውንም ዝንቡንም ያስቀራል። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ሕንፃው እንዲህ ያለ በርሜል ከሌለው አስተዳደሩን ቢጠይቅ አያፍርም። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሕግ ወደ መቅበሪያ የሚሄደውን የምግብና የተክል ቅሪት በ2030 ከ2015ቱ መጠን በ75 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ግብ ጥሏልና ጥያቄው ከሕጉ አቅጣጫ ጋር የሚሄድ ነው።

ይሁንና በርሜሉ ሁለተኛ ነው። ብስባሽ የሆነ ምግብ ጤፉ ሲታረስ፣ ሲፈጭና ሲጓጓዝ የወጣውን ወጪ አይመልስም። ቀዳሚው ነገር አለመጣል ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ የአበሻ ማዕድ ቤት ከማንም ተማሪ አይደለም።

ድርቆሽና ፍሪዘር

የትናንቱን እንጀራ ፍርፍር፣ የትናንት ወዲያውን ድርቆሽ ማድረግ አዲስ ግኝት አይደለም። ድርቆሽ የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረው ውሃው ስለወጣለት ነው፤ ሻጋታ ያለ ርጥበት አያድግም። ችግሩ አየሩ ነው። ታኮማ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ዝናብና ጉም የማይለያት ከተማ ናት፤ በዚህ ወቅት እንጀራ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እደርቃለሁ ከማለቱ በፊት ይሻግታል። የሚበጀው በትንሹ ቆራርጦ፣ ለሌላ ነገር የተለኮሰው ምድጃ ከጠፋ በኋላ በቀረው ሙቀት ማድረቅ ነው። ለድርቆሽ ተብሎ ብቻ ምድጃ ለሰዓታት ማንደድ ግን የተገኘውን መልሶ ማጥፋት ይሆናል።

ከድርቆሽ ይልቅ ፍሪዘር የሚቀልለው ብዙ ሰው ነው። እንጀራ በጋገሩበት ወይም በገዙበት ቀን ቤተሰቡ በአንድ ማዕድ በሚበላው ልክ እየተቋጠረ ቢገባ ሲወጣ ለዛውን አያጣም። በአራተኛው ቀን፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ከታየ በኋላ ማስገባት ግን አያድነውም፤ የሻገተውን ጠርዝ ቆርጦ የቀረውን መብላትም እንዲሁ አይመከርም፤ የሻጋታው ሥር ለስላሳ በሆነ ምግብ ውስጥ ዓይን ከሚያየው አልፎ ይገባል።

ለብክነት ትልቁ በር ግን የዘወትሩ ገበታ ሳይሆን ግብዣው ነው። ክርስትና፣ ሰርግ፣ ማኅበር፣ ሐዘን ቤት፣ ሁሉም ቤት የየራሱን ትሪ ይዞ ይመጣል፤ እንግዳ ጎድሎበት እንዳይሄድ የሚለው ስጋት ሃምሳ ሰው የሚበላውን ለመቶ ያሠራል። ይህን በምክር መለወጥ አስቸጋሪ ነው፤ መለወጡም የሚያስፈልግ አይመስልም። የሚያስፈልገው ክዳን ያለው ዕቃ ነው። እንግዳ ሲሸኝ ቋጥሮ መስጠት ነባር ልማድ ነው፤ ወጡ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ከተቋጠረና ማቀዝቀዣ ከገባ ከነጤንነቱ ይደርሳል። በዕቃዎች ላይ የሚታተመው ቀንም ብዙ ምግብ ያስጥላል። በአሜሪካ፣ ከሕፃናት ወተት በስተቀር፣ «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙበት ይሻላል» የሚለው ጽሑፍ በአብዛኛው የጣዕም ግምት እንጂ የደኅንነት ገደብ አይደለም። ቀኑ ያለፈ ሽሮ ወይም ምስር፣ ነቀዝና ርጥበት ካልነካው፣ የሚጣልበት ምክንያት የለም።

ድስቱ ውስጥ ያለው

ሁለቱ ተመራማሪዎች ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜቼክ እ.ኤ.አ. በ2018 በሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት 38,000 ያህል እርሻዎችን ከ119 አገሮች ሰብስቦ የመዘነ ነው። ከዚያ የሚወጣው ስሌት ግልጽ ነው፦ ለሥጋ ብቻ ከሚረቡ ከብቶች የሚገኝ አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ በዓለም አማካይ ከ50 ኪሎ በላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ልቀት ያስከትላል። አንድ ኪሎ ምስር፣ አተር ወይም ሽምብራ ግን ከ2 ኪሎ ያነሰ ነው። በማዕድ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚራራቅ ሌላ ንጽጽር ማግኘት ያስቸግራል። አምፖል መለወጥ፣ ከረጢት መያዝ፣ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ አንድ ላይ ተደምረው አንድን የሥጋ ቀን የማያህሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። የጾሙ ምክንያት መንፈሳዊ እንጂ የአየር ንብረት አይደለም፤ ሆኖም ከዘመናት ጾም የተወለደው የምግብ ጥበብ ዛሬ በሲያትል የሚገኙ ምግብ ቤቶች ከእንስሳት ተዋፅኦ ነጻ ለሆነ ምግብ የሚጓጓውን ደንበኛ የሚጠሩበት ሆኗል። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ስልጆ፣ ተልባ፣ ሱፍ ፍትፍት የሥጋ ምትክ ተብለው የተፈለሰፉ አይደሉም፤ በራሳቸው የቆሙ ናቸው። ሽሮ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት፣ በጾምም በፍስክም የሚበላ ምግብ ነው። አንድ ነገር ግን መታዘብ ይቻላል፦ አገር ቤት ሥጋ የበዓል ምግብ ሆኖ ያደገ ሰው አሜሪካ ሲመጣ ሥጋ ርካሽ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጥብስም የማክሰኞ እራት ይሆናል። ክትፎውን ለፋሲካ፣ ዶሮውን ለገና መልሶ ማቆየት ከማንኛውም ውድ «አረንጓዴ» ዕቃ ይበልጣል፤ የሚያስወጣው ገንዘብም የለም።

እንጀራው ከየት መጣ?

ምግብ ከሩቅ ሲመጣ ሁልጊዜ ጉዳቱ ከባድ ነው የሚለው እምነት በአብዛኛው ትክክል አይደለም። በመርከብ የሚጓዝ እህል በኪሎ ሲካፈል ጉዞው የሚያክለው ልቀት ትንሽ ነው። ሚዛኑን የሚያዛባው አውሮፕላን ነው፤ የእኛ እንጀራ ደግሞ በአውሮፕላን ከሚጓዙት ጥቂት ምግቦች አንዱ ነው።

ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከልክላለች። የተጋገረ እንጀራ ግን ስለሚፈቀድ ከአዲስ አበባ እየተጫነ ወደ አሜሪካ ገበያ ይገባል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን የሚጫን አንድ ቶን በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከግማሽ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል ብለን ብናሰላ አንድ ኪሎ እንጀራ፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት እንጀራ፣ ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ልቀት ይዞ ይመጣል። ከዋሽንግተን ዲሲ እስከ ታኮማ ያለው ገና አልተቆጠረም። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ የሚጫነው ነገር ነው፤ የእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ዱቄቱን አስመጥቶ ውሃውን ከቧንቧ መቅዳት ይቻላል።

ለሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ነዋሪ ዱቄቱም ሩቅ አይደለም። ዌይን ካርልሰን የተባሉ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርተው ከተመለሱ በኋላ በአይዳሆ ግዛት፣ በስኔክ ወንዝ ሸለቆ ጤፍ ማልማት ጀመሩ፤ «ማስካል» በሚል ስም የሚሸጠው ጤፍ የዚያ ውጤት ነው። ኩባንያው ያለባት የካልድዌል ከተማ ከታኮማ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚመጣ አንድ ኪሎ ዱቄት በጉዞው የሚያስከትለው ልቀት ከ100 ግራም ብዙም አይርቅም። ከአገር ቤት የሚመጣው እንጀራ ለብዙ ጋጋሪ ሴቶች ሥራ የፈጠረ ነውና ሙሉ በሙሉ ይቅር ማለት ሌላ ዓይነት ሚዛን ይጠይቃል፤ የዘወትሩን ከዚህ፣ የናፈቀውን ከዚያ ማድረግ ግን ይቻላል።

ከዚህ የሚከተለው የመጋገሪያው ጉዳይ ነው። በአሜሪካ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የሚገኘው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ለእንጀራ አልነበረም። በአይዋ ግዛት፣ ክሬስኮ ከተማ የሚገኘው ቤታኒ ሃውስዌርስ ምጣዱን የሠራው ሌፍሰ ለሚባለው የኖርዌይ ስስ የድንች ቂጣ ነው። የሲያትሉ ባላርድ ሰፈር የኖርዌይ ስደተኞች የሠፈሩበት እንደመሆኑ ምጣዱ በዚህ አካባቢ ከእኛ በፊት የሚታወቅ ዕቃ ነው። አንዱ ስደተኛ ለናፍቆቱ ያሠራውን ሌላው ለናፍቆቱ ወረሰው። ኃይሉ ወደ 1,400 ዋት ነው፤ ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ የሚፈጀው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ በአሜሪካ አማካይ የኤሌክትሪክ ምንጭ ቢሆን 0.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣ ነበር፤ በታኮማ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

አሁን ይህን ከመኪናው ጋር እናስተያየው። ከታኮማ ተነስቶ በሲያትል ሬኒየር ጎዳና ወዳሉት የአበሻ ሱቆች ደርሶ መመለስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መካከለኛ የቤንዚን መኪና በኪሎ ሜትር 250 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ድምሩ 25 ኪሎ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ለአንድ ፓኬት እንጀራ ብቻ የተደረገ ጉዞ፣ በአገሪቱ አማካይ ኤሌክትሪክ እንኳ ቢሰላ፣ ከሠላሳ ጊዜ በላይ እንጀራ ከመጋገር ይከብዳል። ጎረቤት ለጎረቤት መላላክ፣ በወር አንዴ ሄዶ በብዛት ገዝቶ ፍሪዘር መሙላት፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ በተሄደበት ቀን አብሮ መገብየት የሚያድነው ከዚህ ነው።

እሳቱ

ኤሌክትሪኩ ከውሃ በሆነበት ከተማ በጋዝ የሚያበስል ቤት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ 53 ቤቶች ውስጥ ባደረጉት ልኬት ከጋዝ ምድጃዎች ከሚያመልጠው ሚቴን ሦስት አራተኛ በላይ የሚወጣው ምድጃው በጠፋበት ሰዓት መሆኑን ደርሰውበታል። በአሜሪካ ያሉት የጋዝ ምድጃዎች በዚህ መንገድ በዓመት የሚለቁት ሚቴን የግማሽ ሚሊዮን መኪና ጢስን ያህል የአየር ንብረትን ይጎዳል ብለዋል። ምድጃው ሲነድ ደግሞ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ የአስም ሕመምን ያባብሳል። ቁሌት ለአንድ ሰዓት ቀስ ብሎ በሚንተከተክበት፣ ቡና በየዕለቱ በሚቆላበት ማዕድ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ምድጃውን መለወጥ ባይችል እንኳ የጭስ መሳቢያውን ማብራት፣ መስኮት ከፈት ማድረግ፣ ባቄላና ሽምብራውን አሳድሮ ዘፍዝፎ በእንፋሎት ግፊት በሚያበስለው ድስት መቀቀል ይችላል።

ምድጃ ለመለወጥ የሚያስብ ስለ ኢንዳክሽን መስማቱ አይቀርም። ይህ ዓይነቱ ምድጃ የሚያሞቀው ድስቱን ራሱን በመሆኑ ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶ ያህሉ ምግቡ ዘንድ ይደርሳል፤ በጋዝ ምድጃ ከ40 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ሻጮች የማይነግሩት ለእኛ ብቻ የሚከብድ አንድ ነገር ግን አለ፦ ኢንዳክሽን ማግኔት የሚይዘው ዕቃ ይፈልጋል። ጀበና አይሞቅበትም። የሸክላ ድስትም፣ የሸክላ ምጣድም፣ ንጹሕ የአሉሚኒየም ድስትም እንዲሁ። ማግኔት ከድስቱ ሥር አስጠግቶ መያዙን ማየት ፈተናው ነው። ለጀበናው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለብቻዋ ማስቀመጥ ይበቃል።

የምድጃ ጉዳይ ለታኮማው ቤት የምቾትና የአየር ንብረት ምርጫ ቢሆንም ለአገር ቤቱ ዘመድ የሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። በኢትዮጵያ ገጠር በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋገር እንጀራ ከቤተሰቡ የማገዶ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ከ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ የተስፋፋው «ምርጥ» ምድጃ ምጣዱን በሲሚንቶ ግድግዳ ዙሪያውን ዘግቶ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ «ላቀች» የተሰኘው የከሰል ምድጃም ለወጥና ለቡና እንዲሁ ተሠርቷል። ከባሕር ማዶ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ሰው ከአንድ ወር መላኪያ ውስጥ ለአንድ ምርጥ ምድጃ የሚሆን ቢመድብ ከራሱ ማዕድ ቤት ውስጥ ሊያደርግ ከሚችለው ብዙ ነገር የበለጠ ጢስ ያስቀራል።

ስቡና ውሃው

ቅቤ ሲነጠር፣ የጥብስ ስብ ሲተርፍ ትኩሱን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ መድፋት የተለመደ ነው። ስቡ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ሙቅ ውሃ መልቀቅም ችግሩን ራቅ ወዳለ ቦታ መግፋት ብቻ ነው። የተዘጋ ቧንቧ የሚያፈሰው ፍሳሽ ደግሞ በዚህ አገር መድረሻው ሳልሞን የሚራባበት ወንዝና ፑጄት ሳውንድ ነው። ስቡን በቆርቆሮ ውስጥ አርግቶ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል፣ ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት መጥረግ ይበቃል። በታኮማ የዚህ ጥቅም ዞሮ ወደ ማዕድ ቤት ይመለሳል። የከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ የተጣራውን ዝቃጭ ከእንጨት ፍቃፊና ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ «ታግሮ» በሚል ስም ለአትክልተኞች ያቀርባል። በጓሮው ጎመንና ቃሪያ የሚተክል ታኮማዊ የከተማዋን ማጠቢያ ገንዳዎች ውጤት እየተጠቀመ ነው ማለት ይቻላል።

ውሃውም ቢሆን የማያልቅ አይደለም። ከተማዋ የምትጠጣው ከግሪን ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው የወንዞች መጠን በመቀነሱ ታኮማም ሲያትልም ነዋሪዎቻቸው ውሃ እንዲቆጥቡ ጠይቀው ነበር። ወንዝ ሲጎድል ከግድቡ የሚገኘው ኤሌክትሪክም አብሮ ይጎድላል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት ማሽኑ ሲሞላ ብቻ ማሠራቱ ቧንቧ ከፍቶ በእጅ ከማጠብ ያነሰ ውሃ ይወስዳል። አዳዲሶቹ ማሽኖች በአንድ ዙር የሚጠቀሙት 13 ሊትር ያህል ነው፤ ይህን ያህል በክፍት ቧንቧ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይፈሳል።

ስለ ሳህንና ስለ ድስት

ፕላስቲክን በተመለከተ ሕጉ ከነዋሪው ቀድሟል። ታኮማ ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን ከ2017 ጀምሮ አግዳለች፤ ግዛቱ በ2021 ተከትሏል። ነጩ የፎም ሳህንና ኩባያ ከሰኔ 2024 ጀምሮ በመላው ዋሽንግተን ግዛት መሸጥ አቁሟል፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። የሚቀረው በየማኅበሩ የሚበተነው የወረቀት ሳህን ነው። ለዚህ መፍትሔው ከመሶብ የራቀ አይደለም፤ አሥር ሰው በአንድ ትሪ ከበላ የሚጣል ሳህን የለም።

ነባሩን ዕቃ እስኪያረጅ መጠቀም በአብዛኛው አዲስ «አረንጓዴ» ዕቃ ከመግዛት ይሻላል። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የኪንግ ካውንቲ የአደገኛ ቆሻሻ ፕሮግራምና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት ከአፍጋኒስታን የመጡ ስደተኞች ይዘዋቸው ከገቡ የአሉሚኒየም ድስቶች ውስጥ አንዳንዶቹ ወደ ምግቡ እርሳስ እንደሚለቁ አረጋግጠዋል፤ ምርመራው የተጀመረው የስደተኞቹ ልጆች ደም ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ በመገኘቱ ነበር። ግዛቱ በ2024 በማብሰያ ዕቃዎች ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። እርሳስ የሚገባው ከተጣለ ብረታ ብረት ቀልጦ ከተሠራ አሉሚኒየም ነው፤ በዚህ መንገድ የሚሠራ ድስት በብዙ አገሮች ገበያ ይገኛል። በሻንጣ የመጣ፣ የት እንደተሠራ የማይታወቅ የአሉሚኒየም ድስት በቤት ውስጥ ካለ፣ በተለይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበትን ምግብ ባያበስሉበትና በማይዝግ ብረት ድስት ቢተኩት ይመረጣል፤ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤተሰብም ሐኪሙን የእርሳስ የደም ምርመራ እንዲያዝላቸው መጠየቅ ይችላል።